መንገዱ ቀይ ነው ማለት መረጃ ነው?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ አገርና ስለ ፖለቲካ ነው። እኔ ዛሬ ስለ መንገድ ልጽፍ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ከመካከላችን በታክሲና በጭነት መኪና ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን ቆጥረን ስለማንጨርስ ያገባናል።

ሙያዬ የትራፊክ ምሕንድስና ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም የሠራሁት በዚሁ ነው። ስለዚህ የምተቸው የራሴን ቤት ነውና ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2022፣ ሰኞ ዕለት፣ ቨርጂኒያ ላይ መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ ከባድ በረዶ ጣለ። አንድ ወዳጄ ከሪችመንድ ወደ አሌክሳንድሪያ ለመመለስ ሲነሳ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከነዳጅ ማደያ ደወለልኝ። «አንተ የመንገድ ሰው ነህ፤ ልምጣ ወይስ እዚሁ ልደር?» አለኝ። ስልኬ ላይ ካርታውን ከፈትኩ። ኢንተርስቴት 95 ቀይ ነው፤ ከወትሮው ጥቂት ሰዓታት ጨምሮ አሳየኝ። «ቀስ ብለህ ና፣ ማታ ትደርሳለህ» አልኩት።

የደረሰው በማግስቱ አመሻሽ ላይ ነው። ሌሊቱን ሞተሩን እያጠፋና እያስነሳ፣ የገና ጾም ስለነበር በያዛት ቆሎ ብቻ አደረ። ሴናተር ቲም ኬይን በዚያው መንገድ ላይ 27 ሰዓት ያህል መቆየታቸው በዜና ስለተነገረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። 50 ማይል ያህል መንገድ ተዘግቶ ነበር። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ተመስገን ነው።

ታዲያ ካርታው ዋሸኝ? እውነቱን ለመናገር አልዋሸም። የጉዞ ጊዜ በአብዛኛው የሚሰላው መንገድ ላይ ካሉ ስልኮችና መሣሪያዎች ከሚሰበሰብ ፍጥነት ነው። በየመንገዱ ክፍል አሁን ያለው ፍጥነት ይወሰድና ተደምሮ «ይህን ያህል ደቂቃ» ተብሎ ስልክ ላይ ወይም ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የመኪናው ሰልፍ በማያድግበት ቀን ይህ ስሌት መልካም ነው። ሰልፉ እያደገ ሲሄድ ግን የሚነገርህ የአሁኑ መንገድ እንጂ አንተ እዚያ ስትደርስ የሚጠብቅህ አይደለም። መኪናው ጭራሹን ሲቆም ደግሞ ስሌቱ ራሱ ይፈርሳል፤ በዜሮ ማካፈል አይቻልምና። ካለፉት ቀናት ልምድ ተነስተው የሚተነብዩም አሉ፤ እንዲህ ያለ ቀን ግን ባለፉት ቀናት ውስጥ ስለሌለ ትንበያውም ይደናገራል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር በኖቬምበር 2010 ባወጣው ደንብ፣ ግዛቶች እስከ ኖቬምበር 2014 ድረስ ለኢንተርስቴት መንገዶቻቸው የወቅቱን የጉዞ መረጃ የሚሰበስብና የሚያካፍል ሥርዓት እንዲዘረጉ አዘዘ። መንገድ የሚዘጋ አደጋ በትልልቅ ከተሞች አካባቢ በ10፣ ከዚያ ውጭ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዲገለጽ፣ መረጃው ቢያንስ 85 በመቶ ትክክል እንዲሆን፣ ቢያንስ 90 በመቶውን ጊዜ እንዲገኝ ይላል። ሲነበብ ያምራል። ነገር ግን 90 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? በዓመት 36 ቀን መረጃው ቢጠፋ ፈተናውን አልፈሃል ማለት ነው! ቀኖቹ የፀሐይ ይሁኑ የበረዶ መለኪያው አይለይም። በጋውን ሙሉ በማያፈስ ጣሪያ እንደ መኩራራት ነው።

ከሁሉም በላይ ደንቡ የሚለካው ደቂቃ ነው፤ ተጓዡ የሚጠይቀው ግን «ልሂድ? ልቅር? በየት ልውጣ?» ነው። እኛ መሐንዲሶች ቀለሙን ሰጥተነው ውሳኔውን ለራሱ እንተውለታለን። የእኛ የጭነት መኪና ሹፌሮች እርስ በርስ ሲደዋወሉ ግን «ሁለት የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቷል፤ ከዚህ በኋላ መውጫ የለህም፣ አሁን ውጣ» ነው የሚባባሉት። ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው። (አዲስ አበባ ውስጥ ከፊት የሚመጣ ሚኒባስ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግ ትራፊክ ፖሊስ መኖሩን የማያውቅ ሹፌር ነበር እንዴ?)

«ሁሉን ሰው ውጣ ካልከው መጨናነቁን ወደ መንደር ታዛውረዋለህ» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እውነት አላቸው። በኒው ጀርዚ የሊዮኒያ ከተማ የስልክ ካርታዎች መኪናውን ሁሉ በሰፈር ውስጥ ሲያሳልፉባት በጃንዋሪ 2018 ብዙ መንገዶቿን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነዋሪ ላልሆነ ዘግታ ነበር። ለዚህ ነው ትልቁ መረጃ መኪና ሳይነሳ መድረስ ያለበት የምለው። ያልተነሳ መኪና የማንንም ሰፈር አያጨናንቅም። ወዳጄ ሲደውልልኝ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ቡና ይዞ ቆሞ ነበር፤ የጎደለው አንድ ሰው «እደር» እንዲለው ብቻ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በረዶ ይጥላል በተባለ ዕለት ያው ወዳጄ ከዚያው ከሪችመንድ ደወለ። ካርታውን ሳልከፍት «እዚያው እደር» አልኩት። በረዶው ሳይጥል ቀረ። የሆቴሉን ሂሳብ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል።