ሦስቱ ሌሊቶች የት ገቡ?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሆላንድ ገብቶ ቤት እስከ መግዛት የደረሰበትን ታሪክ ጽፎ፣ «ጋሼ፣ አደራ እንዳይራሩልኝ» ብሎ ላከልኝ። እኔም አልራራሁለትም።

ስለ ቤቱ አርባ ገጽ ጽፏል። ካሬ ሜትሩ፣ ወለዱ፣ የ30 ዓመቱ የባንክ ዕዳ፣ ሁሉም አለ፤ የደላላ ወሬ ይመስላል። በዚያ አገር ሕግ ቤት ገዢ የተፈረመው ውል ከደረሰው በኋላ 3 ቀን ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ወንድሜ፣ ሦስት ሌሊት እኮ ነው! ልጅቷን አስተኝታችሁ ምን ተባባላችሁ? «ጥቂት ሠርተን አገራችን እንገባለን» ያላችሁትስ ነገር ያን ጊዜ ተነሣ ወይስ ሁለታችሁም ዝም አላችሁ?

ብስክሌቱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይፈታል። ከሰው ይልቅ ብስክሌት በሚበዛበት አገር ሚስቱ በ38 ዓመቷ መንዳት ትማራለች። የ7 ዓመት ልጇ መቀመጫውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች፣ «እማዬ፣ እግርሽን አትይ፣ ፊት ፊቱን!» ትላለች። አባትየው በመስኮት ያያል፤ አይወርድም። ለምን እንዳልወረደ አልነገረንም፤ ደግ አደረገ። እዚህ ላይ መነጽሬን አወለቅሁ።

ጽሑፉን መልሼለታለሁ። ከአርባው ገጽ ሠላሳውን ሰርዤ፣ ውሉ ከተፈረመበት ገጽ ቀጥሎ ሦስት ባዶ ወረቀት አስገብቻለሁ።