ኤሊው ተሸክሟል ወይስ ተቀምጧል?

በጥንታዊው የክመር የድንጋይ ቅርጽ ውስጥ ኤሊ ሲያጋጥመን ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ በጥንቃቄ ከተከፋፈለ፣ አንገቱና እግሮቹ ከተለዩ «ጥሩ ሥራ» ብለን እናልፋለን። መመዘኛው ግን ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ይህ ኤሊ ለጌጥ የገባ እንስሳ ሳይሆን የሂንዱው አምላክ ቪሽኑ ራሱ ኩርማ የተባለ ኤሊ ሆኖ የተገለጠበት አካል ነው። በሂንዱ አፈ ታሪክ፣ አማልክትና ባላንጣዎቻቸው አሱራዎች አምሪታ የተባለውን የማይሞት ሕይወት መጠጥ ለማግኘት የወተቱን ባሕር ሲንጡ፣ መናጫ ያደረጉት የማንዳራ ተራራ መስጠም ጀመረ፤ ኤሊው ከሥር ገብቶ ጀርባውን ሰጠ። (እዚህ ላይ ቅል የሚወዘወዝበትን የእኛን አናናጥ መርሳት ያስፈልጋል። የሕንዱ መናጫ በገመድ ግራና ቀኝ የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ ዘንግ ደግሞ ማረፊያ ከሌለው አይዞርም።) እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ኤሊ መምሰሉ ሳይሆን መሸከሙ ነው።

ለዚህ በካምቦዲያ ካለው ከአንኮር ዋት የተሻለ መፈተኛ የለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዳግማዊ ሱርያቫርማን ዘመን በተሠራው በዚህ ቤተ መቅደስ፣ በምሥራቁ ጋለሪ ደቡባዊ ክንፍ ላይ ይኸው ትረካ 49 ሜትር ገደማ ግድግዳ ይዟል። ገመዱ ቫሱኪ የተባለው እባብ ነው፤ በራሱ በኩል 92 አሱራዎች፣ በጅራቱ በኩል 88 አማልክት ይጎትቱታል። አሱራዎቹ ዓይናቸው ፈጥጦ የራስ ቁር ደፍተዋል፤ አማልክቱ ሾጣጣ አክሊል አድርገዋል። በሁለቱም ወገን ረድፍ ግን ያው የመጎተት አቋም ሳይሰለች ይደጋገማል። ዓይን በዚህ ድግግሞሽ እየተነዳ መሐል ሲደርስ የቆመው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ቪሽኑና ከኋላው ያለው ተራራ፣ ከሥሩም ኤሊው። ቅርጹ ከግድግዳው የሚወጣው በጥቂቱ ስለሆነ ጠራቢው ክብደትን በውፍረት ማሳየት አይችልም። ያሳየው በዓሣዎቹ ነው። ከመናጫው ራቅ ያሉት የባሕር ፍጥረታት ሙሉ አካል ይዘው ይዋኛሉ፤ ወደ ዘንጉ ሲቀርቡ ግን ዓሣውም አዞውም እየተቆራረጠ ይበታተናል። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የማይናወጠው ኤሊው ነው። አፉን ከፍቶ ወይም እግሩን ወጥሮ ቢቀረጽ ኖሮ ያ ኃይል ሁሉ ይባክን ነበር።

የመሐሉ ክፍል ሙሉ በሙሉ አልተጠናቀቀም፤ ታዲያ እርጋታው መሮ ሳይደርስበት የቀረ ድንጋይ ቢሆንስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የኤሊው ቦታ የተወሰነው በመጨረሻው ማለስለሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ንድፍ ነው፤ ዘንጉ የት እንደሚያርፍ ሳይወሰን በሁለቱ ወገን የተሰለፉትን ጎታቾች ማሰለፍ አይቻልም። ጥራቱን በዝርዝሩ ብቻ ለሚመዝን ሰው አለመጠናቀቁ ጉድለት ነው፤ ሸክሙን ለሚያይ ግን ብዙም የጎደለ ነገር የለም። ይህን ለማመን ወደ ሌላው የክመር ቤተ መቅደስ፣ ወደ ፕሬአ ቪሂር መውጣት ነው። እዚያ ከበር በላይ ባለው ጠባብ ግንባር ላይ ለረጅም ረድፍ ቦታ ስለሌለ ጎታቾቹ ጥቂት ናቸው፤ ቪሽኑም ዘንጉን አቅፎ ይወጣል። ዓሣዎቹ ያደርጉት የነበረውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የዘንጉና የኤሊው መስመር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ የበር ቅርጽ ፊት ስንቆም መጀመሪያ የዘንጉን ጫፍ እንፈልግ፤ በኤሊው ጀርባ መሐል ላይ ካላረፈ ቅርፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር ኤሊው ተቀምጧል እንጂ አልተሸከመም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ምንም ካልተሸከሙት ኤሊዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአንኮር፣ በስራህ ስራንግ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ የሚገመት የድንጋይ ኤሊ ከመሬት ወጣ፤ ስፋቱ 56፣ ርዝመቱ 93 ሴንቲሜትር ነው። ተራራም ዘንግም ጀርባው ላይ የለም። ግን የተገኘበት ቦታ ትንሽ ቤተ መቅደስ የቆመበት ነበር፤ ከዚያው ቁፋሮ የብረት ባለ ሦስት ጣት ጦሮችና ናጋ የተባለው እባብ የተቀረጸ ራስም ወጥተዋል። ይህ ለእኔ መመዘኛውን አያፈርሰውም፤ ሸክሙን በግድግዳ ላይ ከተቀረጸው ተራራ በቦታው ወደቆመው ሕንጻ ያሸጋግረዋል እንጂ። በዚህም ምክንያት ከቦታው ተነቅሎ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ኤሊ ስለ ጠራቢው እጅ ይነግረን ይሆናል፤ ስለ ሥራው ጥራት ግን ፍርድ ለመስጠት ከላዩ ምን እንደቆመ ማወቅ ይቀድማል።