ለተሰበረች ጆሮ የናስ ብየዳ

ረጅም ጉዞ በሚሄድ ብስክሌት ላይ ብዙ የምትለፋው ክፍል ከኋላ ጎማው ማሰሪያ አጠገብ ያለችው ባለ ቀዳዳ ጆሮ ናት። የዕቃ መጫኛው እግር የሚታሰረው እሷ ላይ ነው። በአንዲት 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ከባድ ጓዝ ትሸከማለች። ብሎኑ ትንሽ ሲላላ ጭነቱ ይወዛወዛል፤ ብረቱም እየደከመ ሄዶ አንድ ቀን ቀጭ ይላል። ከካይሮ ወደ ኬፕ ታውን የሚወርዱ ብስክሌተኞች የሞያሌ–ማርሳቢትን መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት አጥብቀው የሚፈሩት በከንቱ አልነበረም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጥገናው ነው። ፍሬሙ የብረት ከሆነ በናስ ይበየዳል። ባለሙያው ቀለሙን ነጩ ብረት እስኪታይ ይፍቃል፣ ቦራክስ ይቀባል፣ ከዚያ በጋዝ እሳት ዙሪያውን ቀስ እያለ ያሞቃል። ብረት የሚቀልጠው ወደ 1500 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ የናስ ዘንጉ ግን 900 ገደማ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ቱቦው ሳይቀልጥ ናሱ ብቻ ውሃ ይሆናል። ብረቱ ፍም ሲመስል ዘንጉን ጫፉን ብቻ ያስነካዋል፤ ናሱም ማንም ሳይገፋው ወደ ስንጥቁ ተስቦ ይገባል። ያችን ቅጽበት ቆሞ ማየት እንዴት ደስ ይላል! እሳቱ ካነሰ ናሱ ተድቦልቡሎ ይወድቃል፤ ከበዛ ቀጭኑ ቱቦ ይጎዳል።

አሉሚኒየም ላይ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ሙቀቱ የፍሬሙን ጥንካሬ ይቀንሰዋል። ብዙ ተጓዦች ከበድ ቢልም ብረቱን የሚመርጡት አንድም ለዚህ ነው።

ሲበርድ ትርፉ በሞረድ ይስተካከላል፣ የብሎኑ ጥርስ እንደገና ይወጣል፣ እንዳይዝግ ቀለም ይቀባል። ብሎኑን ግን በየጊዜው ማጥበቅ አይቀርም።