መክዳትና መካድ፤ የጆን ስኖው ሁለት ፍቅሮች

አማርኛ «ከዳ» እና «ካደ» የሚባሉ ሁለት ግሦች አሉት። በጆሮ ሲሰሙ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ፍቺያቸው ግን ለየቅል ነው። ወታደር ጦሩን ጥሎ ቢኮበልል «ከዳ» ይባላል፤ ወዳጅም አምኖት የተቀመጠውን ወዳጁን ጥሎ ቢሄድ ያው «ከዳ» ነው የሚባለው። «ካደ» የሚባለው ግን የሚያውቀውን እውነት አላውቅም ያለ፣ የበላውን አልበላሁም ብሎ የማለ ሰው ነው። ስለዚህም ሰው ሳይክድ ሊከዳ፣ ሳይከዳም ሊክድ ይችላል። የትርጉም ሥራ እንጀራው የሆነ ሰው ይህን ልዩነት በዋዛ አያልፈውም። በድራማ ስለ ፍቅረኞች ታማኝነት ክርክር በተነሣ ቁጥር ነገሩ የሚወሳሰበው፣ ሁለቱ ጥፋቶች በአንድ ስም ሲጠሩ ነውና።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነን «ጌም ኦቭ ትሮንስ» የተሰኘው ምናባዊ ተከታታይ ድራማ ነው። ከ2011 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በኤችቢኦ በስምንት ምዕራፎችና በ73 ክፍሎች የቀረበው ይህ ሥራ፣ ካበቃ ዓመታት ቢያልፉም አንድ ሙግት ትቶልን ሄዷል። ጆን ስኖው የወደዳቸውን ሁለት ሴቶች ከድቷቸዋልን? በእኔ ግምት የሁለቱ ጉዳይ በአንድ ሚዛን አይለካም።

ጆን በሰሜን የበረዶውን ግንብ የሚጠብቀው የሌሊት ዘብ አባል ነው። ሚስት ላያገባ፣ ልጅ ላይወልድ፣ ርስት ላይዝ ምሏል፤ ዘቡን የከዳም በሞት ይቀጣል። ከግንቡ ወዲያ ከሚኖረው ነፃ ሕዝብ ወገን የሆነችውን ይግሪትን እንዲገድል ሲታዘዝ እጁ አልታዘዝ አለው። ኋላም የዘቡ ሰላይ ሆኖ ወገኖቿን ይቀላቀላል፤ ከእርሷም ጋር በፍቅር ይወድቃል። ይህ ሁሉ በ2012 እና በ2013 በቀረቡት ሁለት ምዕራፎች ያለ ጥድፊያ ተተርኳል።

ልብ ሊባል የሚገባው ይግሪት አለመታለሏ ነው። ግንቡን ከመውጣታቸው በፊት፣ ወደ ንጉሣቸው ድንኳን ከገባባት ዕለት አንሥቶ ዘብነቱን እንዳልተወ እንደምታውቅ ፊት ለፊት ትነግረዋለች። አለቆቻቸው ለሁለቱም ሞትና ሕይወት ደንታ እንደሌላቸው፣ ስለዚህም ታማኝነቱ ለእርሷ መሆን እንዳለበት ታስጠነቅቀዋለች። እርሱ ግን አንድ ምስኪን ሽማግሌ እንዲገድል በታዘዘ ጊዜ እንቢ ብሎ፣ ተዋግቶ፣ እርሷን ጥሎ ይሸሻል። ደርሳበት ቀስቷን ስትወጥርበት እንደሚወዳት፣ እንደምትወደውም እንደሚያውቅ፣ ሆኖም ወደ ቤቱ መሄድ እንዳለበት ይነግራታል። እርሷም ሦስት ፍላጻ ትሰድበታለች። በአማርኛው ሚዛን ጆን ይግሪትን ከድቷታል፤ ፍቅሯን ግን አልካደም። እርሷም ፍርዷን የምትሰጥበት ቀስት በእጇ ነበር።

በ2014 በቀረበው የግንቡ ውጊያ ዳግም ሲገናኙ ይግሪት ለመወርወር ታመነታለች፤ በዚያች ቅጽበት ኦሊ የተባለ ልጅ ከኋላዋ ይወጋታል። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን በ2000 ባሳተመው ሦስተኛ ቅጽ ገዳይዋ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ድራማው ፍላጻውን አባቱን ይግሪት ለገደለችበት ልጅ መስጠቱ የሚያስመሰግነው ነው። ለሙት አባት የተጠበቀ ታማኝነት የሌላውን ፍቅር ይቀጥፋል፤ በ2015ም ያው ልጅ በከሃዲነት ተወንጅሎ ከተወጋው ከጆን ገዳዮች አንዱ ይሆናል። እዚህ ላይ ክዳት ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም ተመልካች በዓይኑ አይቶታል።

የዴኔሪስ ታርጋሪየን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2017 ፍቅረኞች ይሆናሉ፤ በ2019 በስድስት ክፍሎች በተጠናቀቀው የመጨረሻ ምዕራፍ አክስቱ መሆኗ ይገለጣል፣ ፍቅሩም ይቀዘቅዛል። እጅ መስጠትን የሚያበስረው ደወል ከተደወለ በኋላ ከተማዋን በዘንዶዋ እሳት ታነድዳለች። እስረኛው ቲሪየን ግዴታ አንዳንዴ የፍቅር ሞት መሆኑን ለጆን ይነግረዋል። ጆንም ምሕረት እንድታደርግ ይማጸናታል፤ እንቢ ስትል የዘላለም ንግሥቱ መሆኗን እየነገራት፣ እየሳማት፣ በጩቤ ይወጋታል።

የጆን ጠበቆች መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። የሺዎች ደም ፈስሷል፤ ውሳኔውን ቢነግራት ደግሞ፣ ሴራው ተደርሶበት እንደተቃጠለው እንደ ቫሪስ፣ እርሱም የእሳት ሲሳይ ይሆን ነበር። መግደሉ ትክክል ነበር ቢባል እንኳ የምሟገተው ስለ አገዳደሉ ነው። ከይግሪት ሲለይ አፉ እውነቱን ተናግሮ እግሩ ሄደ፤ ከዴኔሪስ ሲለይ አፉ «አለሁ» እያለ እጁ ገደለ። በይግሪት ቀስት ፊት ነፍሱን አስይዞ እውነቱን የተናገረው ሰው፣ በዴኔሪስ ፊት ስለ ምን እንዳልደፈረ ድራማው አልጠየቀም። ምሕረቱን ለምኗታል፤ እንደሚለያት ግን አልነገራትም። ውሳኔውም ከራሱ ልብ ይልቅ ከቲሪየን አንደበት የወጣ መሰለ።

አበው «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይላሉ። ሁለት ቃል የሰጠ ሰው ከሁለቱ አንዱን ማጠፉ አይቀርም፤ ስለዚህ ብቻ አንፈርድበትም። ቃሉን ሲያጥፍ ለባለዕዳው ቆሞ መናገሩን ግን እንጠብቃለን። ይግሪት ይህን አግኝታለች። ዴኔሪስ አላገኘችም፤ በስምንት ዓመት ጉዞው ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የለመደው ተመልካችም እንዲሁ።