ስለ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ሕንፃና ሥዕል

ከሳጉሬ ተነሥቶ በአሰላ አድርጎ አዲስ አበባ የገባ ምእመን፥ ወደ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀርብ ዓይኑ አስቀድሞ ይደነቃል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ዞሮ መሳለም የለመደ ነውና። እዚህ ግን ረጅም የድንጋይ ሕንፃ፥ የመዳብ ጉልላትና የአራቱ ወንጌላውያን ሐውልቶች ይቀበሉታል። ሥራው በ1931 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፥ በጠላት ወረራ ተቋርጦ፥ ከነጻነት በኋላ ተፈጸመ።

ሕንፃው ከልዩ ልዩ ስልት የተውጣጣ ስለ ሆነ ፍጹም ባሮክ ነው አንልም፤ ነገር ግን የባሮክ መንፈስ አለበት። ባሮክ በ17ኛው መቶ ዓመት ከሮማ የተስፋፋ አሠራር ሲሆን፥ ዓላማው የገባውን ሰው በግርማ መማረክ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሐውልቱ በደጅ ቢቆምም ታቦቱ እንደ ጥንቱ በመቅደስ ተሰውሮ ይኖራልና።

ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው በውስጥ ያለው ሥዕል ነው። ከግድግዳው ሥዕሎች አንዱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ ያሳያል። ይህን በጣና ደሴት ካለችው ከናርጋ ሥላሴ ሥዕል ጋር እናስተያየው። በዚያ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። የጥንቱ ሠዓሊ ያሠራውን ሰው ከቅዱሳን እግር በታች ማኖርን ያውቅ ነበር።

«ንጉሡ የተናገሩት ስለ ተወረረ ሕዝብ እንጂ ስለ ራሳቸው ክብር አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሥዕሉም ያን የመከራ ዘመን ለልጅ ልጅ ስለሚያስታውስ ምስጋና ይገባዋል። ጥያቄያችን ግን ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ አቀማመጡ ነው። በጉባኤ ፊት የቀረበ አቤቱታ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሣል፥ ወደ ላይ የሚመለከት ጸሎት ሊሆን ይገባው ነበር።

የጎደለውን የሞላው መቃብሩ ይመስለናል። ንጉሠ ነገሥቱ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ቤት ከእቴጌ መነን ጋር በድንጋይ መቃብር ዐርፈዋል። ሥዕሉ የቆመ ተናጋሪ ያሳየናል፤ መቃብሩ ግን እንደ ምንትዋብ ዝቅ ብሎ ምሕረትን የሚጠብቅ ሰው ያሳየናል። ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ ወንድሞች፥ ሥዕሉን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ከመቃብሩም ዘንድ ጥቂት ቁሙ።