የተቀረጸው ድምፅና ያልተጻፈው ማብራሪያ፦ በነፃ ስለሚታደሉ የዩኒቨርሲቲ ገለጻዎች

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ከ20,000 በላይ የድምፅና የምስል ቅጂዎችን ከሕዝብ ዐይን ማንሣት ጀመረ። ቅጂዎቹ ለዓመታት በአዳራሾቹ የተሰጡ ትምህርቶች ሲሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲው የተመዘገበም ያልተመዘገበም ሰው ያለ ክፍያ ሊከታተላቸው ይችል ነበር። የመነሣታቸው ዋና መነሻ ግን ቋንቋ ነበር። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በሚማሩበት በጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ ከቅጂዎቹ ብዙዎቹ የተናጋሪውን ቃል በጽሑፍ ስለማያሳዩ ትምህርቱን መከታተል እንዳልቻሉ አመልክተው ነበር። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 አቤቱታውን ተቀብሎ፣ የጐደለው እንዲሟላ ዩኒቨርሲቲውን አሳሰበ። ዩኒቨርሲቲውም ጽሑፉን ለማዘጋጀት ከፍተኛ ወጪ ከማውጣት ይልቅ በሩን መዝጋት መረጠ።

በጊዜው የተሰማው ወቀሳ በአብዛኛው ያረፈው በአመልካቾቹ ላይ ነው፤ ጥቂቶች ስላልሰሙ ብዙዎች እንዳይሰሙ ተደረገ ተባለ። ወቀሳው አቅጣጫውን የሳተ ነው። በርክሌይ የዘጋቸው ቅጂዎች ከመዘጋታቸው በፊትም ለአንድ ወገን ዝግ ነበሩ፤ የ2017 ውሳኔ የቀድሞውን መዘጋት ለሁሉም አዳረሰው እንጂ አዲስ መዘጋት አልፈጠረም። የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር በ2015 በሃርቫርድና በኤም.አይ.ቲ. ላይ ያቀረባቸው ክሶች በ2019 እና በ2020 በስምምነት ሲቋጩ፣ ሁለቱም ተቋማት ለሕዝብ ለሚያቀርቧቸው ትምህርቶች የንግግሩን ጽሑፍ ለማቅረብ ተስማምተዋል። በርክሌይም በ2022 ከመንግሥት ጋር ተመሳሳይ ስምምነት ላይ ደርሷል። እንግዲህ ወጪው የማይቻል አልነበረም፤ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ ግን አልታሰበም።

እዚህ ላይ «በነፃ» በሚለው ተውሳከ ግሥና «ነፃ» በሚለው ቅጽል መካከል ያለው ርቀት ልብ ሊባል ይገባል። «በነፃ የተሰጠ ትምህርት» ሲባል የተነገረው ስለ ዋጋ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ሊሰማው፣ ሊረዳው፣ ወደ ራሱ ቋንቋ ሊመልሰው መቻሉ በዚህ አነጋገር ውስጥ የለም። የነዚህ ሥራዎች አወዳሾች ግን ሁለቱን እንደ አንድ ሲቈጥሩ ይታያሉ።

ጽሑፉን ከመጀመሪያው ያሰበበት ምሳሌ የዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2007 በሰባት ኮርሶች የተጀመረው የዬል ክፍት ትምህርት ከምስሉና ከድምፁ ጋር የእያንዳንዱን ገለጻ ሙሉ ግልባጭ ያቀርባል። የሼሊ ኬገን ስለ ሞት የሚያጠና የፍልስፍና ኮርስ በዚህ ረገድ በጣም ጠቃሚ ነው። መምህሩ በጠረጴዛ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው፣ ከፊታቸው ላለ ሰው እንደሚያወጉ ሆነው ያስተምራሉ፤ ግልባጩም ከአማርኛው «እሺ»፣ «እንግዲህ»፣ «አይደለም እንዴ?» ጋር የሚቀራረቡትን የእንግሊዝኛ አያያዦች ሳያጠፋ ይዟቸዋል። ኮርሱ በ2012 መጽሐፍ ሆኖ ስለታተመ፣ አንድ አስተሳሰብ በተናገሩት፣ በተገለበጠውና በታተመው መልኩ ጎን ለጎን ሊነበብ ይችላል። የዲስኩር አጥኚዎች እንዲህ ያለውን ዕድል በቀላሉ አያገኙም። የፖል ፍራይ የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ኮርስም እንዲሁ በዚያው ዓመት ለመጽሐፍ በቅቷል።

ይህ ማለት የዬል ሥራ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ካሜራው ከመምህሩ አይነቀልም፤ የተማሪው ጥያቄ ከሩቅ የሚሰማ ማጉረምረም ነው። በክፍል ውስጥ ምልልስ የነበረው ነገር በቅጂው የአንድ ሰው ንግግር ሆኖ ይቀራል፤ መምህሩ ሐሳባቸውን ለምን በሌላ ቃል እንደደገሙት፣ ለምን ምሳሌ እንደቀየሩ፣ ለምን በድንገት ወደ ኋላ እንደተመለሱ አንባቢው በግምት ይደርስበታል። የተማሪውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የተደረገ ከሆነ ምክንያቱ ያስኬዳል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ግን የማንንም ፊት አያጋልጥም።

ግልባጩ ከተቋሙ ሐሳብ በላይ የሠራው ሥራ በቻይና ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ፣ ቀድሞ የውጭ ፊልሞችን ይተረጕሙ የነበሩ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች የዬልንና የሃርቫርድን ገለጻዎች በቻይንኛ የግርጌ ጽሑፍ አጅበው አሠራጩ፤ የኬገን ኮርስም በዚያ እጅግ ብዙ ተመልካች አገኘ። የተተረጐመው ግን ቀድሞ የተጻፈ ነገር ነው። ከግልባጭ መተርጐምና ከድምፅ ብቻ መተርጐም የተለያየ ድካም መሆኑን፣ አንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ለመገልበጥ ቀናት የፈጀበት የመስክ አጥኚ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ለምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ምን ያስተምራል? በኢትዮጵያ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ ከዚያ በላይ ላለው ትምህርት እንግሊዝኛን መድቧል። በታንዛንያም ስዋሂሊ ተማሪውን እስከ መጀመሪያ ደረጃ ሸኝቶ ለእንግሊዝኛ ያስረክበዋል። በክፍል ውስጥ የሚሆነው ግን ከፖሊሲው ይለያል። መምህሩ ትርጉሙንና ቀመሩን በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ተማሪው እንዳልገባው ከፊቱ ሲረዳ ደግሞ ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ክፍሉ ወደሚጋራው ሌላ ቋንቋ ይሻገራል። ማስተማሩ በአብዛኛው የሚፈጸመው በዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። ካሜራ በገባበት ክፍል ግን መምህሩ ለተመልካችና ለደንብ ሲል ወደ እንግሊዝኛው እንደሚሰበሰብ መጠበቅ ይገባል። ያን ጊዜ ተቀርጾ ለሕዝብ የሚቀርበው በማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የሚገኘው ክፍል ይሆናል፤ ማብራሪያው አዳራሹ ውስጥ ይቀራል። ለማወቅ ጓጕቶ ማታ ከሥራ በኋላ ስልኩን የሚከፍተው ነጋዴ ወይም ነርስ የሚሻው ደግሞ ያንኑ ማብራሪያ ነው።

በሁለት ቋንቋ ማስተማር በአካባቢው አዲስ ነገር ወይም የአቅም ማነስ ምልክት ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። የቤተ ክርስቲያን የአንድምታ ትምህርት ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ንባቡ በግዕዝ፣ ትርጓሜው በአማርኛ። በመምህራን ቃል ለትውልዶች ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ ወደ ብራና፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ወደ ማተሚያ ቤት ሲገባ፣ ጸሓፊዎቹ የቃሉን ጠባይ አልፋቁትም። «አንድም» እያለ አማራጭ ፍቺ የሚደረድረው፣ «ምነው ቢሉ» እያለ የተማሪውን ጥያቄ በመምህሩ አፍ የሚያቀርበው አነጋገር በታተመው ገጽ ላይ እንዳለ ይሰማል። ዬል የጣለውን የተማሪ ድምፅ የአንድምታ ጸሓፊ በአንድ ሐረግ ጠብቆታል። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው፤ የትኛው ፍቺ የማን መምህር ቃል እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፣ የተቀረጸ ገለጻ ግን ባለቤቱን በስምና በፊት ያሳያል። የዛሬው የእንግሊዝኛ ስላይድ ንባብ ነው፤ የመምህሩ የአማርኛ ቃል ትርጓሜው ነው። የአንድምታ ሰዎች ትርጓሜውን ጻፉት፤ ዩኒቨርሲቲው ንባቡን ብቻ ሊቀርጽ ይዘጋጃል።

ግልባጩን በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ማዘጋጀት የራሱ ፈተና አለው፤ የቋንቋ ባለሙያ ከዚህ ሥራ ሊርቅ የማይችለውም ለዚሁ ነው። የአማርኛ አጻጻፍ ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው፤ «ይበላል» አድራጊም ተደራጊም ሆኖ ይነበባል። አንባቢ በዐውድ ይለየዋል ማለት ለጋዜጣ ያስኬዳል። ስለ ጥብቀት ራሱ የሚያስተምር ገለጻ ግን ጥንዶቹን በድምፅ ለይቶ ከጠራቸው በኋላ፣ መስማት የተሳነው ተመልካች ከግርጌው የሚያነበው አንድኑ ቃል ሁለት ጊዜ ይሆናል። ዩኒኮድ ለኢትዮጵያ ፊደል የማጥበቂያ ምልክት አለው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ካልዋለ ለምን እንደሚውል ለማሰብ ያስቸግራል። የቋንቋ ቅየራውም እንዲሁ ነው፦ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መካከል የሚገባው የእንግሊዝኛ ግሥ «አደረገ» ወይም «አለ» ተጨምሮበት ሲረባ፣ ገልባጩ ቃሉን ወደ አማርኛ ሊያቃናው ይችላል፣ እንደተነገረም ሊተወው ይችላል። ማቃናቱ ጨዋ ይመስላል፤ ግን መምህሩ ቃሉን ስላጣ ተሻገረ ወይስ ተማሪው እንዲለምደው ብሎ ለሚለው ጥያቄ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያጠፋል።

ለመጀመር ፖሊሲ እስኪለወጥ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በአማርኛ፣ በዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ የስዋሂሊ ጥናት በስዋሂሊ ይሰጣል፤ በነዚህ ክፍሎች መምህሩ ካሜራ ፊት የሚደብቀው ቋንቋ የለውም። ከነዚህ ሁሉ በርክሌይ ላይ ለተነሣው ጥያቄ የሚቀርበው ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና የመስማት የተሳናቸው ባህል ትምህርት ነው። በዚያ የሚሰጥ የምልክት ቋንቋ ገለጻ ቢቀረጽ ምስሉ ራሱ ንግግሩ ነው፤ ከግርጌ የሚሄደው የአማርኛ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ለሚሰማው ሕዝብ ይሆናል፣ ጽሑፉ እስኪዘጋጅ በር ላይ የሚቆመውም እሱ ነው።