የዘገየውን ሠራተኛ ስለ መውቀስ

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ «ጊዜ ወርቅ ነው» የሚለውን ቃል በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። እኔም በመምህርነት ዘመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን የማን ወርቅ በማን እጅ እንደሚጠፋ ሳልጠይቅ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ስለዚህ የዛሬው ትችቴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው ራሴን ነው።

በፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በኀላፊነት ሳለሁ፣ ክፍል የምታጸዳ አንዲት ሴት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ትዘገይ ነበር። የመግቢያ ሰዓቱን መዝገብ አይቼ ከደመወዟ እንዲቈረጥ አዘዝሁ፤ ሥርዓት ያስከበርሁ መስሎኝም ደስ አለኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ማለዳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ፣ እርሷ ዳገቱን እያለከለከች ስትወጣ አገኘኋት።

«ምነው በእግርሽ?» አልኋት።

«ጋሼ፣ ከጀሞ የወጣሁት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። የታክሲው ሰልፍ አንድ ሰዓት ሙሉ አቆመኝ። ሜክሲኮ ስደርስ ደግሞ ወደ ፒያሳ የሚሄደው ሰልፍ ከፊተኛው የባሰ ሆነብኝ፤ ስለዚህ በእግሬ መጣሁ» አለችኝ።

እኔ ከቤቴ እስከ ሥራዬ የምሄደው የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር። እኔ ገና ሳልነቃ እርሷ መንገድ ላይ ነበረች፤ በመዝገቡ ግን ሰነፏ እርሷ፣ ትጉሁ እኔ ነበርሁ።

ይህች ከተማ ከጥንት እንዲህ አልነበረችም። ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ዕቃ ቤት ሰፈር የሚሉት ስሞች እንደሚመሰክሩት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰው በየሥራው ወገን ተሰብስቦ ይሰፍር ነበር። በኋላም ከፒያሳ ሕንፃዎች ጀርባ፣ እንደ ዶሮ ማነቂያ ባሉት መንደሮች የሚኖር ሰው፣ ሥራው ለገሃር ቢሆን እንኳ ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ወርዶ በግማሽ ሰዓት ያህል ይደርስ ነበር። ቤቶቹ ያረጁና የተጨናነቁ ስለ ነበሩ አላሞግሳቸውም። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ከዚያም በፊት በጀሞ፣ በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ሕዝብ ሰፍሮ ነበር። ቤቱ ተሻሻለ፤ የብዙዎች እንጀራ ግን እዚያው መሐል ከተማ ቀረ።

ይህ ችግር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በ1864 እ.ኤ.አ. በለንደን ለባቡር ጣቢያ ሥራ የድሆች ቤት ሊፈርስ በሆነ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የባቡሩን ኩባንያ በየማለዳው ሠራተኞችን ከዳርቻ በርካሽ ዋጋ እንዲያመጣ በሕግ አስገደደው። በ1883 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም ይህን ግዴታ በሌሎች ኩባንያዎች ላይ ጣለ። ይኸውም የሰውን ቤት የሚያርቅ ሁሉ መንገዱን የማቅረብ ዕዳ አለበት ማለት ነው።

በእኛም ዘንድ ምንም አልተሠራም አልልም። በ2008 ዓ.ም. 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ለመንግሥት ሠራተኛም በነጻ የሚያመላልስ አውቶቡስ ተመደበለት። ይሁን እንጂ የሱቅ ተቀጣሪው፣ የቀን ሠራተኛውና የሰው ቤት የምታገለግለው ሴት የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ስለሌላቸው ከዚያ አውቶቡስ ደጅ ቀሩ። ከሁሉ አስቀድሞ መግባት ያለባቸውስ እነርሱ አይደሉምን?

ለሠራተኛውም የምለው አለኝ። መንገዱን ለስንፍናው መሸፈኛ የሚያደርግ አለ፤ ሰልፍ ሰብሮ በጉልበቱ የሚገባም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ከኋላው ከቆሙት ከእያንዳንዳቸው ጊዜ የሚሰርቅ ሌባ ነው፤ አብረውት የተቸገሩትን መስረቁም ነውሩን ያከብደዋል።

እናንተ ወጣቶች ነገ አለቆች ትሆናላችሁ። የዘገየ ሠራተኛ በፊታችሁ ሲቆም፣ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት «ከየት መጣህ? በስንት ሰዓትስ ተነሣህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመግቢያው ሰዓት ሥራ ሳይበደል የሚገፋ ከሆነ ግፉለት። እኔ ለዚያች ሴት ክፍሎቹን ከትምህርት በኋላ በማታ እንድታጸዳ አደረግሁላት፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አልዘገየችም። የተቈረጠውን ደመወዝ ለማስመለስ ብሞክር ግን ሒሳቡ ተዘግቷል ተባልሁ። ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ ዕዳዬ ነው።